ከግድግዳው የጎደሉ አሥራ አንድ ስሞች

የመንግሥት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቢሮ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ግድግዳውን ታስታውሱታላችሁ። ከጣሪያው ሥር እስከ ወንበሩ ራስጌ ድረስ ሰንጠረዥ ነው። የተማሪ ብዛት በክፍልና በፆታ፣ ያቋረጡ በምክንያት፣ ያለፉ በመቶኛ። ነጭ ካርቶን ላይ፣ በሰማያዊና በቀይ ማርከር። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር እያለም በእጅ ነው የሚጻፈው፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ስለሆነ ጽሕፈቱ ማማር አለበት። ይህን የማውቀው አንድ ሰሞን እንዲህ ያለውን ግድግዳ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቅኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየተዋስኩ እያነበብኩ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ እየሞከርኩ ነው የተማርኩት። ሥራ አልነበረኝም። «አንድ ቦታ አትቀመጥም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሰው ሲያወራኝ አፉን ትቼ እጁን ስለማይም ይወቅሱኛል። ያለኝ ነገር የእጅ ጽሕፈቴ ነበር። የሰፈሩን የዕድር ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ አጥር ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኢድ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ትምህርት ቤቱ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ነው። እኔ የተማርኩበት ነው፤ ታናሽ እህቴ ሰሚራም ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ትማርበት ነበር። ዳይሬክተሩን ቲቸር ታደሰ እላቸዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምረውኛል። የመጀመሪያ ግጥሜን ክፍል ፊት አስነብበውኝ፣ ልጆቹ ዝም ሲሉ «አጨብጭቡላት እንጂ፣ እጃችሁን አሟችኋል?» ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ እንደ ክፉ ሰው እንዳታዩአቸው ነው።

«ሐሙስ ከክፍለ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ» አሉኝ። «አንድ የሳይንስ ቤተ ሙከራ አለ። ከሦስት ትምህርት ቤት ለአንዱ ነው የሚሰጠው። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና በደንብ ለተዘጋጀው፤ ከተፈታኞቹ በመቶ ስንቱ ያልፋል ብለው ነው የሚያዩት።»

«እኛ ደግሞ አምና መጨረሻ ነበርን።»

«ከመጨረሻ ሁለተኛ» ብለው አረሙኝ። «ጥሩ መምህር ሲመጣልን ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ይጠይቃል። ይህን ግድግዳ አሳምሪልኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ረዳት ይፈልጋል፤ ስምሽን እኔ አቀርባለሁ። ደግሞ ለእንግዶቹ አንድ አጭር ግጥም፣ ስለ ትምህርት ጥራት።»

«ስለ ጥራት ግጥም አይጻፍም ቲቸር።»

«አንቺ ትጽፊያለሽ።»

የቤተ መጻሕፍት ረዳት። መጻሕፍት ባሉበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ደመወዝ። ማርከሮቹን ተቀብዬ ወጣሁ።

ማርከር ከመነካቱ በፊት ግን ሁሉም ነገር በእርሳስ ይነደፋል፤ ካርቶን አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። እርሳስ አልነበረኝም። እረፍት ሲደወል ሰሚራን ግቢው ውስጥ ጠራኋት።

«እርሳስ አለሽ?»

«ገጣሚ እርሳስ የላትም?» ለጓደኞቿ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ ነው ያለችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሁለት ያልተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። «ለሚኒስትሪ ነው። በጥር ነው የገዛኋቸው። አንዷን ብቻ። እንዳታሳጥሪብኝ፤ የማጠቁርባት ናት።»

«ስንቱን ጥያቄ ልታጠቁሪ ነው?»

«ሁሉንም። ያላወቅኩትንም። ባዶ የሚተወው ሰነፍ ነው።»

ሰሚራ ሒሳብ ላይ ደካማ ናት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን በየቀኑ ከትምህርት ስትመለስ ከሱቁ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ ያንኑ ጥያቄ አራቴ አምስቴ ስትሠራ የማየው እኔ ነኝ።

ያን ቀን የተማሪውን ብዛትና የምገባውን ሰንጠረዥ ጨረስኩ። ለምገባው ቁጥሩን የሰጡኝ ከምገባ እናቶቹ አንዷ እትዬ ጽጌ ናቸው፤ በየቀኑ ለልጆቹ የሚያበስሉት ሴቶች አለቃ ናቸው።

«ስምንተኛ ክፍል ሰማንያ ስድስት ሳህን» አሉኝ ጭልፋቸውን ሳያስቀምጡ። «ከፈለግሽ ሰማንያ ሰባት በዪው፤ አንዱ ሁሌ ሁለቴ ይሰለፋል።»

ረቡዕ ጠዋት ቲቸር ታደሰ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሰንጠረዥ ማህደር ሰጡኝ። «የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ሰባ አምስት። ያቋረጡ፣ አሥራ አንድ፣ በቤተሰብ ችግር። ወንድና ሴቱን ከስም ዝርዝሩ ቆጥረሽ ለይው።»

በሰሚራ እርሳስ ካቋረጡት ተማሪዎች ስም ጎን ምልክት እያደረግኩ መቁጠር ጀመርኩ። ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ። ዘጠነኛው ላይ እጄ ቆመ። የእህቴ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። እንደገና አነበብኩት። ያን ጠዋት ከቤት አብረን ነው የወጣነው፤ ዳገቱ ላይ ጫማዬ ስለተበጠሰ ስትስቅብኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ሰሚራ አቋርጣለች እንዴ?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።

«አባትሽ ፈርመዋል» አሉ። «እሳቸው ብቻ አይደሉም። የአሥራ አንዱም ወላጆች ፈርመዋል። ማንንም አላስገደድንም። ልጆቹ ደካማ ናቸው፤ ዘንድሮ ይረፉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ተመዝግበው በርትተው ይቀመጡ ነው ያልነው።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ዝርዝሩ ነገ ከእንግዶቹ ጋር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።»

«እስከዚያ ምሳቸውን እየበሉ?»

«ሐያት።»

«መስከረም ላይ የድጎማው በጀት በተማሪ ቁጥር ሲመጣ እነሱም ተቆጥረዋል አይደል? ለበጀት ሲሆን አሉ፣ ለምሳ ሲሆን አሉ፣ ለፈተና ሲሆን የሉም?»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። እጃቸውን አየሁ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ነበር።

«አንቺ እዚህ ስትማሪ አሲድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አላየሽም። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ነው የሣልንልሽ። ይኸው ዛሬም እንስላለን። አሥራ አንድ ልጅ አንድ ዓመት ቢቆይ ስድስት መቶ ልጅ እውነተኛውን ነገር በዓይኑ ያያል። አንቺ እኔን ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

  የነበረኝ እምቢታ ብቻ ነው። «የምገባውን ሰንጠረዥ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ስቀይው፣ ሌሎቹን እዚህ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ካርቶኑን ትቼ ዳገቱን ወርጄ አዲሱ ገበያ፣ አባቴ ሱቅ ሄድኩ።

አባቴ ለአንዲት ሴት ምስር እየመዘነ ነበር። እናታችን ለቅሶ ልትደርስ ወራቤ ከሄደች ሳምንት ሆኗታል፤ ሱቁም ቤቱም እሱ ላይ ነበር። አቋቋሜን አይቶ ምን እንደመጣ ያወቀ ይመስለኛል፤ ሴትየዋን ከሸኘም በኋላ ሚዛኑን እየወለወለ ቀና አላለም።

«አባ፣ ፈርመሃል?»

«ምን ላይ?»

«ታውቀዋለህ።»

ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። «ትወድቃለች አሉኝ።»

«ብትወድቅስ?»

«ብትወድቅስ?» አለ ደግሞ። «አንቺ የወደቅሽ ጊዜ የሆንሽውን ረሳሽው? ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድሽም። ግድግዳ ነበር የምታዪው። እናትሽ ውሃ በማንኪያ ነው ያጠጣችሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ሁለተኛ ልጄ እንደዚያ ስትሆን አላይም። በቃ።»

አራት ዓመት ሙሉ በእኔ የሚያፍር ይመስለኝ ነበር። ሰው ሱቅ መጥቶ «ትልቋ ልጅህ ምን ሠራች?» ሲለው ወሬ የሚቀይረው በሐፍረት ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት ነው ለካ።

«አባ» አልኩት፤ «የወደቅኩት እኔ ነኝ። ከአልጋው የተነሳሁትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ማንም አልወሰደብኝም። የሷን ግን ሳትነግራት ወሰድክባት።»

«መውደቅም ይወሰዳል?»

አንድ ሰውዬ ፓስታ ጠየቀ። አባቴ አውርዶ ሰጠው፣ መልስ ሰጠው፣ ሸኘው። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ «የመንግሥት ወረቀት ከተፈረመ ተፈረመ ነው። ሂጂ አሁን» አለኝ።

«እሺ። ለሷ ግን የምትነግራት አንተ ነህ።»

«እናታችሁ ስትመጣ።»

ተመልሼ ሰንጠረዦቹን ጨረስኩ። አዎ፣ ጨረስኳቸው። ሰባ አምስት ብዬ ጻፍኩ፣ አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ከወትሮው አሳምሬ። ያን ማምሻ ሰሚራ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ እርሳሷን ጠየቀችኝ። ስሰጣት ከአዲሷ ጋር አስተካክላ በጣቷ ለካችው።

«በሁለት ቀን ይህን ያህል? ምን እየጻፍሽባት ነው?»

«ቁጥር።»

«የኛ ክፍል አለበት?»

«አለበት።»

«እኔም አለሁበታ።» ይህን ስትል ደብተሯን እያየች ነበር፤ እንደ ጥያቄም አልነበረም።

«ትኖሪያለሽ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ቲቸር ታደሰ እንግዶቹን ሊቀበሉ በር ላይ ቆመው ሳሉ የምገባውን ሰንጠረዥ ከአዳራሹ አወረድኩና ቢሮ አስገባሁት። ከእንግዶቹ ወንበር ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። በዚህ ሳምንት ምሳ የሚበሉ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሰማንያ ስድስት። ያቋረጡ፣ አሥራ አንድ። ተፈታኞች፣ ሰባ አምስት። አንድም ቁጥር አልቀየርኩም። የሰጡኝን ነው የጻፍኩት።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። አለቃቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። ተቀመጡ፣ ውሃ ተሰጣቸው፣ ቲቸር ታደሰ ንግግር ጀመሩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ አረፍተ ነገራቸው መሐል ላይ ቀረ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አወረዱ።

«እነዚህ አሥራ አንዱ መቼ ነው ያቋረጡት?»

«ባለፈው ወር ነው።»

«ምገባው ደግሞ የዚህ ሳምንት ነው።»

 ሴትየዋ የምገባ ኃላፊዋ ትጠራ አሉ። እትዬ ጽጌ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ።

«ትናንት ለስምንተኛ ክፍል ስንት ሳህን አቀረባችሁ?»

«ሰማንያ ስድስት።»

«ያቋረጡ ልጆችም ይበላሉ ማለት ነው?»

እትዬ ጽጌ እኔን አዩ፣ ዳይሬክተሩን አዩ። «እኔ ያቋረጠ ልጅ አላየሁም» አሉ። «እኔ የራበው ነው የማየው።»

አንደኛው እንግዳ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህን እዚህ የሰቀለው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ጽሕፈቱን የጻፍኩት ነኝ።»

«ግጥም ታነባለች ያላችሁን እሷን ነው?» አለ ወደ ቲቸር ታደሰ።

«አልጨረስኩትም» አልኩ።

ያኔ የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ ግን ማህደሩን ተቀብለው ቅጾቹን አንድ በአንድ ካገላበጡ በኋላ ዘጉት። «ፊርማ አለ» አሉ። «ወላጅ በፈቃዱ ከፈረመና ካልተቃወመ እኛ ምን እንላለን? ዝርዝሩ እስከ አሥር ሰዓት ነው የምንቀበለው። ባለበት ይሄዳል።» ክፋት አልነበረባቸውም። ሌላ ሁለት ትምህርት ቤት ማየት ነበረባቸው፣ በቃ። ቲቸር ታደሰ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ቁጥር ጀርባዬ ላይ ነበር።

በሩ የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ነው። የሱቁን ቁልፍ እጁ ላይ እንደያዘ ነበር። አባቴ በሥራ ቀን፣ በረፋድ ሱቅ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም፤ እኔ የተወለድኩ ዕለት እንኳ እስከ ቀትር ድረስ ሲሸጥ ነበር ይባላል። ላብ በላብ ሆኗል። ዳገቱን በእግሩ ነው የወጣው።

«ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አለ ያው እኔን የጠየቀኝ እንግዳ።

«አልቆይም» አለ አባቴ። «የሰሚራ አባት ነኝ። ፊርማዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ፊርማ አይወሰድም አባት።»

«የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ቀና አሉ። «ልጅዎ ብትወድቅ እንዳይከፋት ተብሎ እኮ ነው።»

አባቴ ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዞረ። ንግግር አይችልም፤ ሱቅ ውስጥ እንኳ «ስንት ልስጥህ» ከሚለው አያልፍም። «ትወድቃለች ብላችሁኛል» አለ። «ትውደቅ። ወድቃ ትምጣ። ቤት አላት።»

ከዚያ እኔን ለአፍታ አየኝ። 

ማህደሩን የከፈቱት ቲቸር ታደሰ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ቅጹን ፈልገው አወጡና በሁለት እጃቸው ለአባቴ ሰጡት፤ አባቴ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ከተፈታኞቹ ስም ዝርዝር መጨረሻ ላይ፣ ከሰባ አምስተኛው ሥር፣ ሰባ ስድስት ብለው የሰሚራን ስም በእጃቸው ጻፉ። ጽሕፈታቸው አስቀያሚ ነው። ሁሌም ነበር።

«ሌሎቹ ወላጆችስ?» አሉ ሴትየዋ።

«የሌላውን አላውቅም» አለ አባቴ። «ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት፣ ልሂድ።»

የሌላውን የሚያውቁት እትዬ ጽጌ ነበሩ። የትኛዋ እናት የትኛው ጉራንጉር ውስጥ እንዳለች፣ ማን ሸክላ እንደምትሠራ፣ ማን ልብስ እንደምታጥብ ያውቃሉ። ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ቁልቁል ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እስከ አሥር ሰዓት ስድስት ወላጆች መጥተው ወረቀታቸውን ወሰዱ። አንዷ እጇ ላይ ጭቃ እንዳለ ነበር የመጣችው። አራቱ አልመጡም። ሁለቱን አላገኘናቸውም። አንዱ አባት «ልጄን አውቀዋለሁ፣ ተዉኝ» አለን። የአራተኛው እናት በሩን አልከፈተችም። ማምሻውን ሰባ አምስት የሚለውን ሰርዤ በቀይ ሰማንያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ካርቶኑ ተበላሸ። እንደዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

ለሰሚራ የነገራት አባቴ ነው፤ እናታችንን አልጠበቀም። ቅጹን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሳጥኗ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ከሒሳብ ጥያቄዎቿ አንዱን እንዲያይላት ሰጠችው፤ አባቴ ትምህርቱን በአምስተኛ ክፍል ነው ያቆመው፣ ግን ደብተሩን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

ቤተ ሙከራው ለሌላ ትምህርት ቤት ሄደ። የቤተ መጻሕፍቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድ ቀን ታክሲ ተራ ላይ አንዲት እናት «ቤተ ሙከራውን ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ አሉ» አለችኝ። ልጇ አምስተኛ ክፍል ነው። አይደለሁም አላልኳትም። ቲቸር ታደሰ አሁንም እዚያው ናቸው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ግጥሙስ?» ይሉኛል። «አልጨረስኩትም» እላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ አንነጋገርም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ ትምህርት ቤት ስታወሩ ሰምቻችኋለሁ። «ስንት አሳለፈ?» ትላላችሁ። የቱ ይሻላል፣ የቱ ይብሳል ትላላችሁ። ልጃችሁን ለማስገባት ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፤ ስንት ልጅ ምሳ ይበላል፣ ስንት ልጅ ይፈተናል በሉ። ሁለቱ ካልገጠሙ የጎደሉትን በስማቸው ጠይቁ። ድሃ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ድሃ ልጆችን አስተምሮ ዝቅ ያለ ውጤት ቢያመጣ ያ ሐፍረት የልጆቹ አይደለም። ቤተ ሙከራን እንደ ሽልማት የሚያድል ሰው ይፈር። ለደከመው ነበር መሰጠት የነበረበት። ይህን ለቲቸር ታደሰ ያን ቀን መመለስ ነበረብኝ፤ ዘግይቶ ነው የመጣልኝ።

ሰሚራ አለፈች ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሰምቶ፣ ብታልፍ «ይገባት ነበር»፣ ብትወድቅ «አይ፣ እነሱም እኮ ልክ ነበሩ» ሊል ተዘጋጅቶ እንደሚጠይቀኝ ከፊቱ አያለሁ። ያን ዕድል ለማንም አልሰጥም።

የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ሰኔ ላይ የፈተናው ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ላስቲኳን ፈታች። አንዷ እርሳስ አዲስ ናት፣ አንዷ ግማሽ። አዲሷን ለጎረቤት ልጅ፣ ከአሥራ አንዱ ለአንዷ ሰጠቻት። ግማሿን ቀረጸች፣ ጫፏን በጣቷ ሞከረች፣ እኔን አየችኝ።

«ጨረስሽብኝ እኮ።»

«ይበቃሻል?»

«ሁሉንም አጠቁራለሁ ብዬሻለሁ» አለችና ዳገቱን ወጣች።